የሞተው ግልገል ቆዳ

ለውድ እህቴ ለኡባሕ፣

አሰላሙ አለይኩም እታለም፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ባልሽ ዋይስ ደህና ነው ወይ? ልጆችሽስ፣ ያ ሳል የሚያጣድፈው ትንሹ ተሻለው? ጉልበትሽስ፣ አሁንም ደረጃ ስትወጪ «ወይኔ ወይኔ» ያሰኝሻል? የጅቡቲ ሙቀት ከባሕሩ ጋር ተባብሮ አላሳረረሽም ወይ? እኔ አላህ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፣ ልጄ ሂዲግም ትጠባለች፣ ትስቃለች፣ ሳቋ ደሞ ቁርጥ ያንቺ ነው፣ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ። ባሌ ጉሌድ ግመሎቹን ይዞ ወደ ደቡብ ወደ ሩቁ ሜዳ ከሄደ ቆየ፣ እዚህ ሣሩ አልቋል፣ ዝናብ ሳይጥል አይመለስም። አማቴ ኤብላም ደህና ናት፣ ምላሷም ደህና ነው።

እታለም፣ ሰላምታው አጠረ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ፣ ጭንቅ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ያኔ ከከተማ የመጡት ተማሪዎች ዛፍ ሥር ያስቆጠሩን ፊደል ባይኖር ዛሬ ምን ይውጠኝ ነበር እላለሁ፣ እዚህ ለማን እነግራለሁ፣ የምነግረው ሰው የለኝም። ጽሕፈቴ ከጠመመብሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ለማንም አታስነብቢው። በጎቻችንን እከክ ያዛቸው። ይኸው አልኩት። እዚህ ጮክ ብሎ የሚጠራው የለም፣ «ያ ነገር» ነው የሚሉት፣ ስሙን ከጠራሽው ሰምቶ ወደ በረትሽ ይመጣል ይላሉ፣ እኔ ግን ቀድሞ ስለመጣ ጠራሁት።

አጀማመሩን ልንገርሽ። ከኤብላ በጎች አንዷ፣ ያረገዘችው፣ አፍንጫዋን የእሾህ አጥሩ ላይ ስትፈትግ አየኋት። ከንፈሯ ዳር ሰሊጥ ሰሊጥ የሚያህል ቀይ ሽፍታ ወጥቶባታል። ለኤብላ ነገርኳት፣ «እሾህ ነው፣ ዘንድሮ ከእሾህ ሌላ ምን የምትበላው አለ?» አለችኝና ፊቷን ቅቤ ቀባቻት፣ እኔም ተውኩት። ከዚያ ያ ጥቁር ፊቷ ላይ ፀጉሩ ሳሳ፣ ቆዳው አመድ መሰለ፣ አመዱ ቅርፊት ሆነ፣ ቅርፊቱ ሲነሳ ሥሩ እርጥብ ነው፣ ያዣል። በዐይኗ ዙሪያ አድርጎ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ ጆሮዋ ወፍሮ ፀሐይ እንደመታው የጫማ ቆዳ ጠጠረ፣ አንገቷ ሥር ያለው ደሞ ተሸብሽቦ ተሸብሽቦ የአሮጊት ጉልበት ሆነ። በጥፍሬ ሳክላት ምን ታደርጋለች መሰለሽ፣ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀጠቅጣለች፣ በአየር ላይ የሆነ ነገር የምታኝክ ነው የምትመስለው፣ እጄን ሳነሳ ተከትላኝ ትመጣለች። ቀን ሙሉ ሳትግጥ ስትታከክ ትውላለች፣ ላቷ ሟሽሾ ባዶ ከረጢት ሆኗል። አንጀቴን በላችኝ እታለም፣ እንስሳ አፍ የለው፣ ምን ትበል።

እሷው ወለደች። ግልገሉ ደካማ ነበር፣ ትንሽ ከርሞ ሞተ። በዚያው ሰሞን ደሞ ከእኔ በጎች አንዷን፣ አባታችን ለሰርጌ ከሰጠኝ መሐል፣ ቀበሮ በላብኝ፣ ልጇ እናት አልባ ቀረ። አንዷ ልጅ የላት፣ አንዱ እናት የለው። ኤብላ ደሞ ልጅ የሞተባትን በግ ከሌላ ግልገል ጋር በማላመድ ስሟ የታወቀ ነው፣ «ለኤብላ ድንጋይ ብትሰጣት እናት ታገኝለታለች» ይላሉ፣ ከሩቅ ሰፈር ድረስ መጥተው ይወስዷታል። የሞተውን ገና ሳይበርድ ገፈፈችው፣ ለእግሮቹ ቀዳዳ አወጣችለትና እንደ ሸሚዝ ለእኔው ግልገል አለበሰችው፣ ከሆዱ ሥር በገመድ አሰረችለት፣ ከዚያ እያንጎራጎረች ወደ በጓ ገፋ አደረገችው። በጓ ጭራው ሥር አሸተተችው፣ የልጇን ሽታ አገኘች፣ አጉረመረመች፣ ቆማ አጠባችው። ኤብላ እጇን በአሸዋ እያሸች «አየሽ?» አለችኝ፣ እንደ ወጣት ሴት ነበር የምትስቀው።

ስትገፍ እግሮቹን የያዝኩላት እኔ ነኝ። አንገቱ ላይ ሻካራ ነበር፣ ዳሰስኩት። «ይሄ ምንድን ነው?» ብላት፣ «የእናቱ ምራቅ ደርቆበት ነው፣ አንቺ ደሞ ለሁሉም ጥያቄ አለሽ፣ ያዢ ብያለሁ ያዢ!» አለችኝ። ያዝኩ።

ቆዳው የሚወልቅበት ቀን ሲደርስ ስናወልቀው የግልገሉ ፀጉር አብሮ መጣ። ከሥሩ ቆዳው ቀይ፣ ትኩስ፣ ሽፍታው እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ከዚያ ያው አመዱ፣ ያው ቅርፊቱ፣ ጀርባው የተነጨ ዶሮ መሰለ። ይሄ ግልገል እኮ ከሌሎቹ ግልገሎች ጋር እቤት ውስጥ ነው የሚያድረው፣ እኔና ሂዲግ ከተኛንበት አልጋ ሥር፣ በእንጨት በተከለለችው ቦታ። እነሱም ያዛቸው፣ እናቶቻቸውንም አስያዙ። አሁን ከበረቱ ግማሹ ይታከካል፣ ጠዋት ስነሳ የምሰማው የአጥሩን መንቋቋት ነው። የእኔም ክንድ ሽፍታ ወጣበት፣ ማታ ማታ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ሂዲግን ሳቅፍ ክንዴን በሻሽ ጠቅልዬ ነው የማቅፋት።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ጎረቤታችን መይራን አለች፣ በሯ ከበራችን ፊት ለፊት ነው፣ ዐይኗ ከጭልፊት ይብሳል። ገመድ ልትዋስ መጥታ ግልገሉን አየችው። ጆሮውን ገለበጠች፣ ግራው ላይ ያ የአባታችን ምልክት፣ ሁለት ቁርጥ። ከዚያ ኡኡ ብላ ሰፈሩን ጠራችው። «ወይ ጉድ! የተራራዋ ሙሽራ ሀብት ይዛ መጣች ስንል ለካ እከክ ነው ያመጣችልን!» አለች። እጄን አይታ ደሞ «አትጠጊኝ፣ አትጠጊኝ፣ እዚያው ቁሚ፣ ገመዱንም ተይው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ኤላው ዘንድ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ባልዲያቸውን ያነሳሉ። አንዷ «ሲራድ፣ ዛሬ ማነው ያከከሽ?» ብላ አሳቀችብኝ። አብሬ ስቄ ውሃዬን ቀዳሁ፣ ምን ላድርግ።

እዚህ ሕግ አላቸው እታለም። እከክ የያዘው መንጋ ከሰው ተለይቶ ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ ውሃ መጨረሻ ይጠጣል፣ ይሄ ምንም አይደለም፣ ይሄ በሁሉም ቤት ደርሷል። ነገር ግን ከሌላ አገር የመጣ እከክ ከሆነ፣ ከመጣበት ይመለሳል። መንጋው ይመለሳል፣ ያመጣውም ሰው እየነዳ ይመልሰዋል። ምልክቱ የእኛ ነዋ፣ የመጣሁት ከኤሪጋቦ ተራራ ነዋ፣ እነሱ ጨርሰውታል። በጎቼ እዚህ ከገቡ ሁለት ዝናብ ዘንቦ አልፏል፣ እከክ ይዘው መጥተው ቢሆን እስካሁን ምን ይጠብቃል? ግን ይሄን ለማን ልበል። መይራንማ ሂዲግን እያየች «ሕፃኗን ግን ንክች አታደርጋትም፣ የጉሌድ ልጅ ናት፣ የአባት ልጅ በአባት አገር ታድጋለች፣ የፍየል ወተት መች ጠፋ» አለች። ልጄን ሳልይዝ ወዴት እሄዳለሁ? ገና እኮ ስትተኛ ጡቴን ካልያዘች አትተኛም።

ነገ ከዙሁር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ይቀመጣሉ። ዳኛው አው ሂርሲ ነው፣ የጉሌድ አጎት፣ የሟች አባቱ ታናሽ ወንድም። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ያየውን ነው የሚፈርደው፣ የሚያየው ደሞ ያን ጆሮ ነው። እውነቱን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔና ኤብላ። ኤብላ ዝም ብላለች። መይራን ከጮኸች ጀምሮ ፊት ለፊት አላየችኝም፣ ሻይ ሳቀርብላት ብርጭቆውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ፊቷን ታዞራለች። እኔ ልናገር? የባሌን እናት፣ ያን ሁሉ ወንድ ፊት፣ «እሷ ናት» ልበል? ጉሌድ ሲመለስ በምን ዐይኔ አየዋለሁ? ዝም ብል ደሞ ልጄ። እናታችን ብትኖር ምን ትለኝ ነበር እያልኩ አስባለሁ፣ ድምጿ ሁሉ ጠፍቶብኛል።

አንቺ ግን አንድ ነገር ታውቂያለሽ። እኔ ሕፃን ሳለሁ በጎቻችንን እንዲህ ያለ ነገር ይዟቸው እናታችን በጥድ ቅጥራን አዳነቻቸው ብለሽ ነግረሽኛል፣ አብረሻት የቀባሽው አንቺ ነሽ። ቅጥራኑ ቡርኦ ገበያ በጠርሙስ ይገኛል፣ የውሃ ቦቴው ሾፌር ኤልሚ ያመጣልኛል፣ ልኩን ነው የማላውቀው። ባዶውን ሲቀቡት ቆዳ ያቃጥላል አሉ። በምን ነበር የምታቀጥኑት፣ በላት ነው በቅቤ? ስንት በስንት? ቅርፊቱን መጀመሪያ ታነሱታላችሁ ወይስ ከላይ ነው የምትቀቡት? ቶሎ ጻፊልኝ፣ በአላህ።

* * *

እታለም፣ ከላይ ያለውን ጽፌ ጨርሼ ኤልሚ ሳይመጣ ቀረ፣ ጎማው መንገድ ላይ ፈንድቶበት። ስለዚህ ወረቀቱ ከእኔው ጋር ሰነበተ፣ የሆነውን ልጨምርልሽ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሴቶቹ ከኋላ ቆምን፣ እኔን ግን ወደ ፊት ጠሩኝ፣ ሂዲግን አዝያታለሁ። ያን ግልገል አምጥተው መሐል አቆሙት፣ ምስኪን፣ ሰው አየሁ ብሎ ጀርባውን በአው ሂርሲ ከዘራ ላይ መፈተግ ጀመረ፣ ወንዶቹ ሳቁ። አው ሂርሲ ጆሮውን ያዘ፣ ቅርፊቱ ምልክቱን ሸፍኖታል፣ በውሃ አርሶ በአውራ ጣቱ አሸው፣ ቅርፊቱ ሲነሳ ሁለቱ ቁርጥ ወጣ፣ ትንሽም ደማ። ግልገሉ አልጮኸም እኮ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሰጠው፣ ስለታከከለት ደስ ብሎት። «ይሄ የእኛ ምልክት አይደለም» አለ አው ሂርሲ። «አይደለም» አሉ። ወደ እኔ ዞሮ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣ? አትፍሪ፣ ንገሪን» አለኝ፣ በደግ ድምፅ ነው ያለኝ፣ የባሰ የፈራሁት ለዚያ ነው። ኤብላን እንዳላያት መሬት መሬት አየሁ። «አላውቅም አባ» አልኩት። መይራን ከኋላ «ምላሷንም ያ ነገር ያዘው እንዴ?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወላሂ እታለም፣ ሂዲግን ከጀርባዬ አውርጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት፣ አሁኑኑ የሚነጥቁኝ መስሎኝ፣ አለቀሰች።

አው ሂርሲ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ እከክ ከመጣበት...» ብሎ ሲጀምር ነው፣ «ሂርሲ! ቆይ!» የሚል ድምፅ የሰማሁት። የክብሩን «አው» እንኳ አላለችውም። ኤብላ ናት። ሴቶቹን በክርኗ እየገፋች መጣች፣ መሐል ቆመች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። «ይሄን ግልገል ከሌላ እናት ጋር ያላመደው ማነው?» ወንዶቹ ተያዩ። አንዱ «አንቺ ነሻ፣ ካንቺ ሌላ ማን ይችላል» አላት። «እህ! ታዲያ እናንተ እሷን ነው የምትጠይቁት? ይቺን?» በአገጯ ጠቆመችኝ። «ይቺ ልጅ ገመድ ስትቋጥር ገመዱ ራሱ ይስቅባታል! ቆዳውን የገፈፍኩት እኔ፣ ያለበስኩት እኔ፣ ያሰርኩት እኔ!»

አው ሂርሲ «እሱን እናውቃለን እመቤቴ፣ የምንጠይቀው እከኩን ነው» አላት። ያኔ ነጠላዋን ከእጇ ላይ ገለጠች። እታለም፣ ያን እጅ ብታዪው። በጣቶቿ መሐል፣ በአንጓዋ ላይ፣ ልክ እንደ በጓ ፊት፣ ቀይ ቀይ ሽፍታ፣ የተላጠ፣ አንዳንዱ የታከከበት ደም ያዘለ። ለካ ለእኔ ፊቷን ስታዞር፣ ብርጭቆውን በጨርቅ ስትይዝ፣ ጠልታኝ አልነበረም። «የሞተው ግልገል የእኔ በግ ልጅ ነው፣ የቀኝ ጆሮ፣ የእናንተው ምልክት» አለች። «እናቱን ቀድሞ ይዟት ነበር፣ ሂዱና እዩዋት። ይቺ ልጅ አንገቱ ሻክሯል ብላኝ ነበር፣ ምራቅ ነው አልኳት። ዐይኔ ደክሟል። ዐይኔ ደክሟል ብሎ ማመን ደሞ ከሞት ይከብዳል፣ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ። ነገሩ ከመጣበት ይመለስ ካላችሁ፣ የመጣው ከእኔ በረት ነው። ወዴት ልትነዱኝ ነው? ወደ ባሌ መቃብር?»

አው ሂርሲ ጢሙን ይዞ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፣ ተቆጣ ብዬ፣ ለካ ሳቁን እየያዘ ነው። «ወንድሜ እዚያ እረፍት አግኝቷል፣ አንልክሽም» አላት። ያኔ ሁሉም ፈነዳ፣ እሷም ሳቀች፣ እኔ ብቻ ነኝ እንደ ሞኝ የማለቅሰው። ከዚያ ፍርዱን ሰጠ፣ የሁለቱም ምልክት የታመሙ በጎች አንድ ላይ ኮረብታው ይውጡ፣ ዝናብ እስኪጥል እዚያ ይቆዩ፣ ውሃ ከሁሉም ኋላ ይጠጡ፣ ከጠጡ በኋላ ገንዳው በአመድና በአሸዋ ይታሽ፣ ሙሽራዋ ላይ ማንም ቃል እንዳይናገር። መይራን በኋላ መጥታ «እኔማ ድሮም አዝኜልሽ ነበር» አለችኝ፣ ገመዱንም ወሰደች።

ይኸው አሁን ኮረብታው ላይ ነን፣ እኔ፣ ኤብላና ሂዲግ። የቤታችንን ሰሌን ግማሹን አምጥተን ዳስ ቢጤ ሠርተናል፣ ነፋሱ ይገባል፣ ጅብም ይጮሃል፣ ግን ከሰው ምላስ ይሻላል። ያወጣችኝ ዕለት ላመሰግናት ሞከርኩ። ቁጭ ብዬ እጇን ለመሳም ስል ቀማችኝ። «ለአንቺ ብዬ መስሎሽ ነው?» አለችኝ። «በዚህ ሜዳ እንደ ኤብላ ቆዳ የሚያስር የለም ሲባል ኖሬ፣ ዛሬ ተነስተው የእኔን እጅ ሥራ ለአንዲት የተራራ ልጅ ሊሰጡብኝ? ጥፋትም ቢሆን የእኔ ነው! አልሰጥም!» የምሯን ይሁን የቀልዷን አላወቅኩም፣ እስካሁንም አላወቅኩም። ሳቄ መጣ፣ ስቄ ስቄ ወገቤን አመመኝ፣ እሷም ቆጣ ብላ ጀምራ አልቻለችም፣ ሳቀች።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ዝናቡ ሲመጣ አው ሂርሲ ራሱ በጎቹን ሊያይ ይወጣል፣ ያልዳነ ካለ ወደ መንጋው አይገባም፣ ይታረዳል፣ ሥጋውም ቆዳውም ይቀበራል። ከአባታችን በጎች የቀሩልኝ እነዚሁ ናቸው። ኤብላ ደሞ መጠበቅ አትችልም፣ ከኤልሚ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በቆርቆሮ ተቀብላ «ይሄን እንቀባቸው፣ መኪና ካዳነ በግም ያድናል» አለችኝ። ቆርቆሮውን ከድንጋይ ሥር ደብቄባታለሁ፣ ስትፈልግ ትውላለች። ትናንት ደሞ የሂዲግ አንጓ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አየሁ። ትንኝ ነክሷት ይሁን ያ ነገር ይሁን እንጃ። አሁንም አሁንም እየገለጥኩ አያታለሁ። ስለዚህ የቅጥራኑን ልክ ጻፊልኝ፣ ለበግ ስንት፣ ለሰው እጅ ይሆን እንደሆን፣ ለሕፃን ደሞ ጭራሽ ይነካ እንደሆን። ኤልሚ ይሄን እስከ ሐርጌሳ ይወስደዋል፣ ከዚያ የአጎቱ ልጅ ጅቡቲ ያደርስልሻል፣ መልሱን ለእሱው ስጪው፣ መኪናው እስኪነሳ ቁጭ ብለሽ ጻፊው፣ አደራ።

ለባልሽ ለዋይስ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፣ ስለበጎቹ ግን አትንገሪው፣ ይጨነቃል፣ ወይም ይስቃል። ትልቋን ልጅሽን ፀጉሯን ጎንጉኚልኝ፣ መሐለኛውን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ ሳል የያዘውን ትንሹን ደረቱን ሞቅ ባለ የሰሊጥ ዘይት እሺልኝ። የቤት ኪራይ የምትሰበስበዋን ዐረብ አሮጊትም ሰላም በያት፣ ስመጣ ያበላችኝን ቴምር አልረሳሁም። ጉሌድ ቢኖር ሰላም ይልሽ ነበር፣ ስለሌለ እኔ ብያለሁ። ኤብላም ሰላም ብላሻለች። ይሄን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ፣ ልኩን እየጠየቅኩ ነው ስላት እንዲህ ጨምሪ አለችኝ፣ «ለእህትሽ በያት፣ ለበጎቹ ብቻ ብላ አትጻፍ፣ እዚህ ሦስት ሴቶችም አለን፣ አንዷ ጥርሷ ያለቀ፣ አንዷ ጥርስ ያላበቀለች፣ አንዷ ደሞ ጥርስ ሞልቷት አፏን የማትከፍት።»

እህትሽ ሲራድ

ከኤል-ሒድ ኮረብታ፣ ከቡርኦ በታች
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1983